የጥርስ አረቄ

እንጅባራ ውስጥ አዝመራው ሾፌሩን የሚያማ ሰው የለም ይባላል። ውሸት ነው። ሰው እንኳን ሾፌር፣ በጊዜው የመጣ ዝናብም ያማል። ይሁንና አዝመራው መጠጥ ከተወ ወዲህ ሐሜተኛውም ወሬ አጥሮት ነበር። ሰርግ ቤት ከፊቱ የሚቀመጥለት ለስላሳ ነው። ጠላው ሲቀዳ ብርጭቆውን በእጁ ይከድናል፤ የሚያውቁት አስተናጋጆችም ልብ ብለው ያልፉታል። ሽማግሌ ወይ ነፍሰ ጡር የሚያሳፍሩ ሰዎች መናኸሪያ መጥተው «የአዝመራው ሚኒባስ የታለ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ተራው እስኪደርስም ቁጭ ብለው ይጠብቁታል። ይህ ሁሉ ምስጋና ግን ለእሱ ጠብ አይልለትም ነበር። የሚፈልገው የአንዲት ሴት ይቅርታ ነበር። እሷም የታላቅ ወንድሙ የእንየው ሚስት ማናለብሽ ናት።

ነገሩ ከዓመታት በፊት የሆነ ነው። ጥሊሊ ሰርግ ተጠርተው ሲመለሱ ማናለብሽን ከኋላ፣ ትንሿን ልጇን ሰርክአዲስን ደግሞ ጋቢና አስቀምጦ የሚነዳው አዝመራው ነበር። ጥርባ አጠገብ መንገዱ ሲታጠፍ መኪናው አልታጠፈም። ልጅቷ እዚያው ቀረች፤ እሱ ግንባሩን ትንሽ ተጫረ። ፖሊሶቹ ሲደርሱ አፉ ውስጥ ቅርንፉድ ያላምጥ ነበር። «ጠጥተሃል?» ሲሉት «ምንም አልቀመስኩም» አለ። ማናለብሽ የልጇን ሬሳ ታቅፋ እዚያው መንገድ ዳር ተቀምጣ ነበርና ቃሉንም ሰማች፣ ቅርንፉዱም ሸተታት። በዚያን ጊዜ ትንፋሽ የሚለካ መሣሪያ በአካባቢው አልነበረም። ዝናብ ጥሏል፣ አስፋልቱ ያንሸራትታል ተባለ፤ ዳኛውም ዝናቡን አመኑ። አዝመራውም ቀለል ያለች ቅጣቱን ጨርሶ ወጣ።

ሕሊናው ግን እንደ ዳኛው አላመነም። አንድ ቀን ሽማግሌ ሰብስቦ፣ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ከወንድሙ ደጅ ተደፋ። «ጠጥቼ ነበር፤ ዋሽቻለሁ» አለ። ቄሱ ባሉበት፣ በወንጌሉ ላይ እጁን ጭኖ፣ ከእንግዲህ መጠጥ በአፌ አይዞርም፣ ሐሰትም ከአንደበቴ አይወጣም ብሎ ማለ። እንየው ድንጋዩን ከጫንቃው አወረደለት፤ ተቃቅፈው ተላቀሱ። ማናለብሽም በተራዋ «ይቅር ለእግዚአብሔር» አለች። ያለችው ግን አፏ ብቻ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አዝመራው ሲገባ እሷ ወደ ጓዳ ትገባለች፤ ወንድማማቾቹ ሲጫወቱ ከጓዳ የሚሰማው የሸክላ ኳኳታ ብቻ ነው። በመኪናውም አንድ ቀን ተሳፍራ አታውቅም። ጥሊሊ ገበያ ስትወርድ ሌላ ሚኒባስ እስኪመጣ ፀሐይ ላይ ስትቆም እያያት አልፏታል፤ አንዴ አይደለም፣ ብዙ ጊዜ።

እንግዲህ ከፋሲካ በኋላ የሆነው ይህ ነው። ዳንግላ ያገባችው የማናለብሽ ትልቋ ልጅ ዮዲት ወለደች። የመጀመሪያዋ ነውና በእናቷ ቤት ልትታረስ ሆነ። እንየው አዝመራውን ፍለጋ መናኸሪያ ድረስ መጣና ዜናውን ነገረው።

«ማን ያምጣት ብዬ ብጠይቃት ምን ብትለኝ ጥሩ ነው?» አለው።

«ምን አለች አያ?»

«አዝመራው ያምጣት አለች። ጠዋት አብሬው እሄዳለሁ፤ አነዳዱን አየዋለሁ፤ ደኅና ከሆነ ሕፃኑን ይዤ በእሱው መኪና እመለሳለሁ አለች።»

አዝመራው ፊቱን ወደ መሪው አዙሮ አይኑን በእጅጌው ጠረገ።

ቅዳሜ ሊሄዱ ተቀጣጠሩ። በመሃል አዝመራው መኪናውን አጠበ፣ ፍሬኑን አስፈተሸ፣ የጋቢናውን ወንበር አዲስ ልብስ አለበሰው። ምን ይሆናል! የፈሩት ይደርሳል እንደሚባለው ዓርብ ማታ ጥርሱ ተነሳበት። ከኋላ ያለችው ክፉ መንጋጋ ናት፤ ድሮም ትቆጠቁጠው ነበር፣ የዛሬው ግን እስከ ጆሮው ድረስ ወጋው። ሌሊቱን በጉንጩ ላይ ሙቅ ጨርቅ ይዞ ሲንቆራጠጥ አደረ።

በጠዋት መድኃኒት ቤት ሮጠ። ባለሙያዋ እንክብል ቆጥራ ስትሰጠው «እንቅልፍ ሊያመጣ ይችላል፤ መኪና እንዳትነዳ» አለችው። እንክብሉን መልሶላት ወጣ። ሐኪም ቤት የጥርስ ተራ የሚገኘው ለሰኞ ነው። ሰው ሁሉ ለጥርስ የሚያውቀው ቅርንፉድ ነው፤ እሱ ደግሞ ቅርንፉድ ጎርሶ ማናለብሽን አጠገቡ ሊያስቀምጥ አይችልም። ከዚያ ቀን ወዲህ በቤቷ ውስጥ ቅርንፉድ ገብቶ አያውቅም፤ በሻይ እንኳን። ሽታው ከመጣ ተነስታ እንደምትወጣ እንየው ነግሮታል። እንዲህ ነው እንግዲህ፤ መድኃኒቱ ሁሉ በየበኩሉ ተዘጋበት።

መናኸሪያው በር አጠገብ አረቄ የምትሸጥ እመቤት የምትባል ሴት አለች። ጉንጩን ይዞ ሲያልፍ አይታ ጠራችው። «ምን ሁነህ ነው? ና ጥጥ ልንከርልህ። ጥርስህ ላይ ትይዘዋለህ፣ ትተፋዋለህ፤ አትውጠውም።»

«እኔ ምያለሁ» አላት።

«የማልከው ከመጠጥ ነው እንጂ ከመድኃኒት ነው እንዴ? ቄሱም ጥርሳቸውን ሲያማቸው ከእኔው ነው የሚያስመጡ።»

ቄሱ ያስመጡ አያስመጡ እግዜር ይወቅ። አዝመራው ግን ጥርሱ እንደገና ሲወጋው አይኑ ጨለመ። እንዲህ ሆኖ ጥርባን በመሰለ ኩርባ ላይ ቢያደናግረውስ? ያውም ማናለብሽን ይዞ? በመጨረሻ ጥጧን ተቀብሎ መንጋጋው ላይ ለጠፋት። አቃጠለው፤ ከዚያ ቀስ እያለ ደነዘዘለት። ለመንገድ ደግሞ አረቄ የጠጣች ሌላ ጥጥ በፕላስቲክ ጠቅልላ ሰጠችው። በልቡ ይህን ያደረገው ለማናለብሽ ደኅንነት ነበር። ይህን አሁንም ቢሆን እውነት ነው ብሎ ይምላል፤ እኔም አምነዋለሁ። እውነት መሆኑ ግን ምንም አልጠቀመውም።

ማናለብሽ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ለአራሷ የሚሆን ቂቤና ገንፎ ዱቄት በዘንቢል ይዛ መጣች። ጋቢና ገባች። «እንደምን አደርክ» አለችው። በስንት ዘመኗ ነው! እሱም «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እትዬ፤ እርስዎ እንዴት አደሩ?» አለ፤ ጥጡ በጉንጩ ውስጥ እንዳይታወቅበት አፉን ሰብሰብ አድርጎ። ሚኒባሱ ከኋላ ሞላ፤ ረዳቱ በሩን ዘጋና ወጡ።

አዝመራው በዚያን ቀን እንደነዳው ነድቶ አያውቅም። ፍጥነቱን አልጨመረም፣ ኩርባ ላይ አልቀደመም፤ አህያና ፈረስ ባየ ቁጥር ቀዝቀዝ እያለ ያሳልፋል። ግራና ቀኙ ለከሰል የተተከለው፣ ዲከረንስ የሚሉት ዛፍ ደን ነው። ማናለብሽ መጀመሪያ የበሩን እጀታ ጨምድዳ ይዛ ነበር። ቆይታ ለቀቀችው። ቆይታ ደግሞ ዘንቢሏን ከጭኗ ላይ አውርዳ ከእግሯ ሥር አስቀመጠች። ሰው ይህችን እንቅስቃሴ ምንም አይላት ይሆናል፤ አዝመራው ግን አይኑ እንባ አቀረረ።

«ሕፃኑ ማንን ይመስላል አሉ?» ብላ ጠየቀችው፤ ወደ እሱ ሳትዞር።

«አያ እንየውን ነው አሉ።»

«ምስኪን» አለችና ፈገግ አለች። እሱም ሳቀ። ጥርሱ እንደገና ስለጀመረው ረዳቱ ሰው ሲያወርድ ቆም ባለበት ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ሁለተኛዋን ጥጥ በመጀመሪያዋ ቦታ ተካት። አላየችውም፤ መስኮቱ ክፍት ነውና ሽታውም አልደረሳትም።

አዲስ ቅዳም ሲደርሱ የገበያ ቀን ነውና መንገዱ በድንችና በከሰል ማዳበሪያ ተጨናንቋል። ከገበያው መግቢያ ላይ ትራፊክ ፖሊሶች ሚኒባስ እያስቆሙ ሾፌር ያስነፋሉ። ከፋሲካ በኋላ ሰርግ ስለሚበዛ በዚህ ሰሞን በቀንም ይፈትሻሉ። ሳጅን ፀጋው አዝመራውን ሲያይ ፈገግ አለ፤ ይተዋወቃሉ።

«ጋሽ አዝመራው፣ እርስዎን ማስነፋት የውኃን ንጽሕና መለካት ነው፤ ግን ሕግ ነው» አለ። አዲስ መንፊያ ከላስቲኩ አውጥቶ በመሣሪያዋ አፍ ላይ ሰካ። «ባለፈው ሩብ ሰዓት ውስጥ አፍዎ የገባ ነገር አለ? መጠጥ፣ ምግብ፣ የአፍ መድኃኒት? ካለ ይንገሩኝና እንጠብቃለን።»

ጥያቄው ቀላል ነበር። «ጥርሴን አሞኝ አረቄ ይዣለሁ» ቢል ሳጅኑ ሩብ ሰዓት አስቀምጦ ደግሞ ያስነፋውና ይሸኘው ነበር። አዝመራው አፉን ሊከፍትም ከጅሎ ነበር። በዚያው ቅጽበት ማናለብሽ ዞራ አየችው። ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ አይን ለአይን ተያዩ። አረቄ የሚለውን ቃል በእሷ ፊት ለማውጣት አቅም አጣ። ነገሩ እንዲሁ ያልፋል ብሎ ተስፋ አደረገ፤ ጥጥ ነው፣ አልዋጥኩትም፣ ደሜ ንጹሕ ነው፣ መሣሪያዋ ምን ታገኝብኛለች አለ በልቡ።

«ምንም አልቀመስኩም» አለ።

ከዚያ ነፋ። «ሳያቋርጡ፣ እስክትጮህ ድረስ» እያለ ሳጅኑ ያበረታታዋል። ጮኸች። ፀጋው ቁጥሯን አየና ፊቱ ተለወጠ። እንደገና አያት። ከተፈቀደው ሦስት እጥፍ አልፋለች።

«ይውረዱ» አለው፤ ድምፁ ሌላ ሆነ።

ከኋላ ያለው ተሳፋሪ አፍታም አልቆየ። አንዱ «አዝመራው?» አለ፤ ሌላይቱ «ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባል ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ማሽን ያወጣው ጀመር» ብላ ሳቀች። አንድ ሽማግሌ «እኔ እኮ እሱን ብዬ ነበር ሁለት ሚኒባስ ያሳለፍኩ» እያሉ አማረሩ። ስሙን ለመገንባት ዓመታት የፈጀው ሰው በአንዲት ጩኸት ፈረሰ። ማናለብሽ አልተንቀሳቀሰችም። የበሩን እጀታ ግን መልሳ ጨምድዳ ይዛለች።

ሳጅን ፀጋው ቸኩሎ የሚፈርድ ሰው አልነበረም። አዝመራው ሲራመድ ቀጥ ብሎ ነው፤ አይኑ ጥርት ያለ ነው፤ ምላሱ አልተሳሰረም። ይህን ያህል የጠጣ ሰው እንዲህ አይቆምም። ጠጋ ብሎ ጉንጩን ተመለከተው።

«አፍዎን ይክፈቱ» አለው።

አዝመራው ከንፈሩን ገጠመ።

«ጋሽ አዝመራው፣ ይክፈቱ እንጂ!»

ከፈተ። ፀጋው ጥጧን አየና አስወጥቶ በመንፊያው ላስቲክ ላይ ተቀበላት። አሸተታት። ከዚያ ሳቁ መጣ፤ የእፎይታ ሳቅ፤ ድምፁንም ከፍ አድርጎ ተሳፋሪው ሁሉ እንዲሰማ ተናገረ። ክፋት አልነበረውም፤ የሰውየውን ስም ሊያነሳለት ነው።

«ይሄው! የጥርስ አረቄ ነው! ሰውየው አልጠጣም!»

ረዳቱ ውኃ አመጣ፤ አዝመራው አፉን ደጋግሞ ተጉመጠመጠ። ሩብ ሰዓት እንዲጠብቅ አንድ ግንድ ላይ አስቀመጡት። ተሳፋሪው ወርዶ ከበበው። ፀጋው ባሕር ዳር ሥልጠና ላይ የተማረውን ለሕዝቡ ማስረዳት ጀመረ፤ ነገር ማስረዳት ይወዳል።

«መጠጥ ሲጠጣ ከሆድ ወደ ደም ይገባል። ደም ደግሞ ሳንባ ውስጥ ያልፋል፤ እዚያ ሲደርስ አልኮሉ እንደ እንፋሎት እየሆነ ከትንፋሽ ጋር ይወጣል። ለዚህ ነው አስረዝመው ይንፉ የምንለው፤ የምንፈልገው ከሳንባ ሥር የሚመጣውን የመጨረሻውን ትንፋሽ ነው። እሱ የደሙን ይናገራል። አፍ ውስጥ አረቄ ካለ ግን የአፉ እንፋሎት ይቀላቀልና ቁጥሩን ያሰክረዋል። ሩብ ሰዓት ሲቆይ የአፉ ይበንናል፤ የደሙ ግን እንዲህ በቀላሉ አይሄድም። በአጭሩ ደም አይዋሽም፤ አፍ ነው የሚዋሽ።»

ማናለብሽ ከጋቢናው መስኮት ውስጥ ሁሉንም ትሰማ ነበር። አዝመራው አሻግሮ አያት፤ እሷ የምታየው አስፋልቱን ነበር። ተነስቶ ሄዶ ሊያናግራት ፈለገ፤ ግን ምን ብሎ? ቅርንፉዱን ለእርስዎ ብዬ ተውኩት ይበላት? ይህን ለማለት የሰርክአዲስን ነገር ማንሳት አለበት። ተቀምጦ ቀረ።

ጊዜው ሲደርስ ፀጋው አዲስ መንፊያ ሰካ። አዝመራው ከሳንባው ሥር አንጠፍጥፎ ነፋ። መሣሪያዋ ዜሮ አለች።

«ንጹሕ!» አለ ሳጅኑ። ተሳፋሪው አጨበጨበ። ያች ቅድም የሳቀችው ሴት እልል አለች፤ ሽማግሌውም «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ እኔ መቼ ተጠራጠርኩ!» ብለው ትከሻውን መቱት። ፀጋው ግን እየሳቀ ወቀሰው። «ምነው ታዲያ ስጠይቅዎ ቢነግሩኝ? ይሄ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ።»

ሳጅን ፀጋው መልሱን አልጠበቀም። መልሱን የጠበቀችው ማናለብሽ ነበረች። የጋቢናው በር ተከፈተ፤ ዘንቢሏን ይዛ ወረደች።

«እትዬ፣ ዜሮ ነው» አላት፤ ወደ እሷ ሮጦ። «ሰምተውታል አይደል? አልጠጣሁም። ጥርሴ ነው።»

«ሰማሁ» አለች። አልጮኸችም፤ ብትጮኽበት ይሻለው ነበር። «ጥርስህን አሞህ አረቄ መያዝህ አይደለም የቆጨኝ። አሞኛል ብትለኝ እኔው እነክርልህ ነበር። ምንም አልቀመስኩም አልክ። በዚያችው ድምፅ። አልተለወጠችም አዝመራው፤ ያችው ናት። ልጄን ታቅፌ የሰማኋት።»

«ፈርቼ ነው እትዬ። እርስዎን ፈርቼ።»

«ያን ጊዜም ፈርተህ ነበር።» ነጠላዋን አስተካከለች። «ያን ጊዜ ማሽን ስለሌለ ዳንክ። ዛሬ ማሽን ስላለ ዳንክ። አንተ በሁሉም ትድናለህ። ሳጅኑ እንዳለው ደምህ ንጹሕ ነው። አፍህን ግን ምን ላድርገው?»

በአገውኛ ለራሷ አንድ ነገር አጉተመተመችና መንገዱን ተሻገረች። ከእንጅባራ በኩል አበረ የሚባል ሌላ ሾፌር ሚኒባሱን ይዞ እየመጣ ነበር። እጇን ዘረጋች፤ ቆመላት፤ ገባች።

አዝመራው ሰዎቹን ዳንግላ ማድረስ ነበረበትና ነዳ። ጋቢናው ባዶ ነበር፤ አዲሱ የወንበር ልብስ የተቀመጠችበት ቦታ ላይ ትንሽ ተጨማዷል። ጥርሱ እንደገና ቀስቅሶ ይወጋው ጀመር። እግዜር ይይላቸው፣ ተሳፋሪዎቹ እስከ ዳንግላ ድረስ ስለ መሣሪያዋ ሲያወሩና ሲስቁ ሄዱ።

ዳንግላ መናኸሪያ ሰዎቹን አራግፎ ተራ ይዞ ቆመ። ከፊት ለፊቱ አንድ ጠጅ ቤት አለ። አበረ ከዚያ ውስጥ ነበር። ማናለብሽ አራሷን ስታሰናዳ እሱ በኮንትራት ሊመልሳቸው ተስማምቶ ኖሮ፣ እስኪጠሩት ድረስ ብርሌ ይደጋግማል። በበሩ በኩል ይታያል። አዝመራው ሲወጣ አየው፤ ፊቱ ወዝቷል፤ ማስቲካ ከላስቲኩ አውጥቶ ሁለቱን ባንዴ ጎረሰና ወደ መኪናው ሄደ። ወዲያው አንድ ጋሪ መጣ። ከጋሪው ላይ ማናለብሽ ወረደች፤ ከኋላዋ ዮዲት በጋቢ ተጠቅልላ፣ ሕፃኑ በማናለብሽ ክንድ ላይ።

አዝመራው አላመነታም። ይህን ላመስግነው። ሮጦ ሄዶ ከፊቷ ቆመ።

«እትዬ፣ በእኔ መኪና አይግቡ፤ እሺ። ግን በዚህም አይግቡ። ሰውየው ጠጅ ጠጥቷል። አሁን በአይኔ አየሁት።»

አበረ ከመሪው ኋላ ሆኖ ሳቀ። «ይሄ ሰውዬ ጤናም የለው። ማሽን የያዘችው እኔን ነው እሱን?»

ማናለብሽ አዝመራውን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። ሕፃኑን ወደ ደረቷ አስጠጋች፤ ከአበረ ሳይሆን ከእሱ።

«አንተ ነህ የምትነግረኝ?» አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም። ዮዲትን ደግፋ አስገባች፣ እሷም ገባች፣ በሩ ተዘጋ።

ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይፈራ የተናገረው እውነት ይህ ማስጠንቀቂያው ነበር፤ የሚሰማው ግን ጠፋ።

ባዶውን ተከተላቸው። ተራውን ጥሎ፣ ተሳፋሪ ሳይጭን፣ ረዳቱን መናኸሪያ ትቶ ከኋላ ከኋላ ነዳ። እንየውን በስልክ ሊያገኘው ሞከረ፤ ኔትወርክ የለም። አዲስ ቅዳም ሳጅን ፀጋው አሁንም ቆሞ ነበር። አዝመራው በልቡ ተመስገን አለ። ፀጋው የአበረን መኪና እጁን አንስቶ አስቆመ፤ መሣሪያዋን ይዞ ጎንበስ ሲል በጋቢ የተጠቀለለችውን አራስና ሕፃኑን አየ። ቀና አለ። ባርኔጣውን አወለቀ።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ!» አለ። «በል እለፍ፣ እለፍ፤ አራስ አይቆምም።»

አበረም እጁን አንስቶ አለፈ። አዝመራው ከፀጋው አጠገብ ቆሞ በመስኮት ጮኸ። «ሳጅን፣ ያንን ሰው አስነፋው! ጠጅ ጠጥቷል!»

ፀጋው መንገዱን አየ፤ ሚኒባሱ ርቋል። ወደ አዝመራው ዞሮ እንደማዘን አለው። «ጋሽ አዝመራው፣ የጠዋቱ ነገር እንደጎዳዎ አውቃለሁ። ግን እንዲህ ያለ ቂም ከእርስዎ አልጠብቅም። ያች እናት ልጅ ይዛ የምትሳፈርበትን ታውቃለች።»

አዝመራው መሪውን በጡጫ መትቶ ነዳ።

ከእንጅባራ መግቢያ በፊት አንድ ኩርባ አለ። አበረ ኩርባውን ሰፋ አድርጎ ወሰደው፤ የኋላ ጎማው ከአስፋልቱ ዳር ወርዶ አቧራ አስነሳ። የአዝመራው ልብ ቀጥ አለ። በዚያች ቅጽበት ግን ከልቡ ሥር ሌላ ነገር ሽቅብ መጣ። ግባ አለ። እስቲ ቦዩ ውስጥ ግባ። ማንም አይሙት፤ ትንሽ ብቻ ይገልበጥ፤ ያን ጊዜ ማን እንደዋሸና ማን እውነቱን እንደተናገረ ታውቃለች።

ጎማው ተመለሰ። ሚኒባሱ መንገዱን ያዘ። አዝመራው ግን ፍሬን ይዞ ዳር ቆመ። በሐሳቡ መኪናውን ሲገለብጠው ሕፃኑ በውስጡ እንደነበር አሁን ነው ያሰበው።

አበረ በሰላም ገባ። ጠጁ ምንም አላደረገውም። አዝመራው ቀስ ብሎ ደርሶ ከወንድሙ ደጅ ርቆ ሲያቆም ጎረቤት ተሰብስቦ እልልታው ቀልጧል። አበረን «ግባ፣ ገንፎ ሳትቀምስ አትሄድም» እያሉ ይጎትቱታል። እንየው የልጅ ልጁን ስሞ ሲያበቃ ወንድሙን ከሩቅ አየውና መጣ። ወሬውን ሰምቶ ኖሯል፤ ግንባሩ ተቋጥሯል።

«ና ግባ። እኔ አናግራታለሁ» አለው። «የምን ግትርነት ነው? በሕዝብ ፊት ተነፍቶ ዜሮ ወጣ አይደለም እንዴ? ማሽኑ ንጹሕ ነህ ብሎህ የለም?»

«ብሎኛል።»

«ታዲያስ? እኔ ልጁን አምጥቼ ጭንህ ላይ ነው የማስቀምጠው።»

አዝመራው ጉንጩን በመዳፉ ይዞ ከግቢው የሚመጣውን የሕፃን ልቅሶ አዳመጠ።

«ተዋት አያ። ልክ ናት» አለ። «ማሽኑ የሚያውቀው አልኮል ብቻ ነው።»

እንየው ነገሩ አልገባውም። አዝመራው መኪናውን አዙሮ ሄደ።